«ከማን ወገን መጣ?»
የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ፣ ዘረ መልና አነጋገራችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የማኅበራችን አዘጋጆች «ከሥራህ አንድ ነገር ይዘህ ና፤ ግን ሐኪም ለሐኪም የሚያወራው ዓይነት አይሁን» ብለውኛል። ልክ ናቸው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ የሒሳብ ባለሙያ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ የአማርኛ መምህር አለ። የመረጥኩት ርእስ ከሕክምና ቢጀምርም የሚያበቃው በየቤታችን ነው። ልጆች ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ ስለሚወለዱበት ምክንያት፣ በተለይም ከዘር ጋር ስላለው ግንኙነት፣ ከዚያም ይህንን ለወላጅ እንዴት እንደምንነግረው እናገራለሁ።

እኔ ጤና መኮንን ነኝ። ከዚህ ከተመረቅሁ በኋላ ብዙውን ጊዜ ያገለገልኩት በሰሜን ሸዋ፣ በይፋት ቆላ፣ ማጀቴ ነው። አገሩን ለማታውቁት፦ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ጣርማ በርን በዋሻው ሾልካችሁ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችኋል። ማጀቴ ከዚያም አልፋ ናት። ማሽላና ማሾ የሚበቅልበት፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚውልበት፣ ሰው ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጀምርበት አገር ነው። ይህቺን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከንፈሩ፣ ላንቃው ወይም ሁለቱም ተሰንጥቆ ይወለዳል። ብርቅ ነገር አይደለም ማለት ነው። ብርቅ የሚያስመስለው መደበቁ ነው። ገጠር ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ብዙ ጊዜ ጎረቤት እንኳ አያየውም።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት እናት ከአማቷ ጋር ወደ ጤና ጣቢያው መጣች። ሕፃኑ ሁለት ሳምንቱ ነው። ላይኛው ከንፈሩ በግራ በኩል እስከ አፍንጫው ተሰንጥቋል፤ ላንቃውም ክፍት ነው። ስንመዝነው ከተወለደበት ክብደት ቀንሷል። እናቲቱ በነጠላዋ ሸፍናው መሬት መሬቱን ታያለች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። የተናገሩት አማቷ ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ደግሞ «ይድናል ወይ?» የሚል አልነበረም። «ልጄ፣ እኛ ዘር ላይ እንዲህ ያለ ታይቶ አያውቅም። ይሄ ከማን ወገን ነው የመጣው?» አሉኝ።

ጥያቄው ከክፋት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ሰው ያልገባው ነገር ሲደርስበት ምክንያት ይፈልጋል። አንዱ እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው ዓይን ነው ይላል፣ ሌላው የእግዜር ቁጣ ነው ይላል። ነገር ግን መልሱ ላይ የተንጠለጠለ ትዳር አለ። «ከእሷ ወገን ነው» ከተባለ ልጅቷ ወደ ወላጆቿ ቤት ልትመለስ ትችላለች። ከተመለሰች ደግሞ ለዚያ ሕፃን በየሁለት ሰዓቱ ወተት የሚያጠጣው፣ ለሕክምና የሚያመላልሰው ማን ነው? ስለዚህ በዚያች ቅጽበት የምሰጠው መልስ የእውቀት ብቻ ሳይሆን የሕፃኑ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር።

ሁለት አስቸጋሪ ቃላት

እንግዲህ ሐኪሙ ምን ሊል ነው? በክፍል ውስጥ የተማርነውን «የጂን ችግር ነው» ብንልስ? እስቲ ይፋት ላይ ሆናችሁ ይህንን ቃል ስሙት። ጂን እኮ ከሳይንሱ በፊት አገሩ ላይ የሚታወቅ ነው። ቀትር ላይ ወንዝ ዳር የሚመታ፣ ነፍሰ ጡርን የሚተናኮል፣ በጸበልና በዱዓ የሚባረር ጂን። ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ «ጂን ነው» ካለ ለእማማ ነገሩ አለቀ፤ ሲፈሩት የነበረውን ሐኪሙ አጸናላቸው ማለት ነው። ትስቃላችሁ፤ እኔም የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሲነግረኝ ስቄያለሁ። ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ቃሉን የተቀበለው ቤተሰብ ሕፃኑን ይዞ የሚሄደው ወደ ቀዶ ሐኪም ሳይሆን ጂን ወደሚያስለቅቅለት ሰው ነው።

ሁለተኛው ቃል «በዘር የሚተላለፍ» የሚለው ነው። ይኼ ደግሞ ይብሳል። በእኛ ቋንቋ ዘር ማለት እህል ነው፣ ትውልድ ነው፣ ወገን ነው። «በዘር ነው» ሲባል አንድ የተበላሸ ዘር አለ፣ ከአንድ ወገን የመጣ ነው፣ ለሚቀጥለውም ይተርፋል ተብሎ ይሰማል። እህቶቿ ባል ላያገኙ ይችላሉ። ሳይንሱ ግን በአብዛኛው እንደዚያ አይልም። ምን እንደሚል በአጭሩ ላስረዳ።

ፊት እንዴት ይሠራል?

የሰው ፊት ማሕፀን ውስጥ እንደ አንድ ቁራጭ አይበቅልም። ከተለያየ ወገን የሚመጡ ትንንሽ የሥጋ እብጠቶች ወደ መሐል አድገው ሲገናኙና ሲዋሐዱ ነው ፊት የሚሆነው። ላይኛው ከንፈር ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይገጥማል። ላንቃ ደግሞ በምላስ ግራና ቀኝ ወደ ታች ተንጠልጥለው ከሚጀምሩ ሁለት ክንፎች ይሠራል። ክንፎቹ ይነሳሉ፣ አግድም ይሆናሉ፣ መሐል ላይ ይጋጠማሉ። ይህ ሁሉ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ይጠናቀቃል። አንዱ ወገን ትንሽ ከዘገየ፣ ካነሰ ወይም ያለቦታው ከተጣበቀ መጋጠሚያው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስንጥቁ የተቀደደ ነገር አይደለም፤ ሳይገጥም የቀረ ነው።

ይህንን ሥራ የሚመሩት ዘረ መሎች ናቸው። ከእናትና ከአባት እኩል በ23 ጥንድ ክሮሞዞሞች ላይ የምንወርሳቸው መመሪያዎች ማለት ነው። ግን መመሪያው ብቻውን አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ መንትዮች ናቸው። ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ዘረ መላቸው አንድ ነው። አንደኛው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ሲወለድ ግን ሁለተኛውም እንደዚያ ሆኖ የሚወለደው ግማሽ በሚሆነው አጋጣሚ ብቻ ነው። ዘር ሁሉን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ ሁለቱም ይኖራቸው ነበር። ዘር ምንም ባይሆን ደግሞ ከተራ መንትዮች ጋር እኩል በሆነ ነበር፤ የተራ መንትዮች ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። እውነቱ መሐል ላይ ነው፤ ብዙ ዘረ መሎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ የእናት ጤና፣ ምግብ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ሲጋራና መጠጥ ደግሞ ይጨምሩበታል፤ የቀረው አጋጣሚ ነው።

ታሪኩም እንዲሁ ቀስ በቀስ ነው የተገለጠው። ፖል ፎግ አንደርሰን የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1942 የቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ቆጥሮ የከንፈር መሰንጠቅና የላንቃ ብቻ መሰንጠቅ በውርስ የተለያዩ መሆናቸውን አሳየ። የከንፈሩ በወንዶች፣ የላንቃ ብቻው በሴቶች ይበዛል። ልብ በሉ፤ መሣሪያው ላቦራቶሪ አልነበረም፤ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ነበር።

አንድ ዘረ መል ብቻውን ሲያመጣው

አሁን ከዚህ የሚለይ ነገር ልንገራችሁ። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ በእርግጥም ነገሩ ከአንድ ወገን ይመጣል። ከስንጥቆች ሁሉ 2 በመቶ ገደማ የሚሆነው ቫን ደር ዉድ ከሚባለው ችግር ጋር የተያያዘ ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ካጠናችው ሐኪም ነው። ምልክቱ ታች ከንፈር ላይ የሚታዩ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት የሆኑ ትንንሽ ጉድጓዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን የዚህ መነሻ አይአርኤፍ 6 የተባለ ዘረ መል መሆኑን አረጋገጠ። በ2014 ደግሞ ጂአርኤችኤል 3 የተባለ ሌላ ዘረ መል ተመሳሳይ ችግር እንደሚያመጣ ታወቀ። የሁለቱም ሥራ የፅንሱን የላይኛ ሽፋን ማስተካከል ነው፤ መጣበቅ የሌለበት እንዳይጣበቅ ይጠብቃሉ። ሽፋኑ ሲጓደል የላንቃው ክንፍ ያለቦታው ተጣብቆ መነሳት ያቅተዋል።

በሥራዬ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ገጥሞኛል። ልጁ ላንቃው ክፍት ነው፤ ከንፈሩ ደህና ነው። አባትየው ምንም የለበትም ብሎ መጣ። ታች ከንፈሩን በባትሪ ሳየው ሁለት ነጥቦች አሉ። «ይሄማ ስርጉድ ነው፤ አባቴም አለው» አለኝ። ስርጉድ! ሦስት ትውልድ በከንፈሩ ላይ ይዞት የዞረው ምልክት ስሙ ስርጉድ ነበር። እንዲህ ባለው ቤተሰብ ይህን ዘረ መል የያዘ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ሆኖም ከያዙት መካከል አንዱ ነጥብ ብቻ፣ ሌላው ስንጥቅ ይኖረዋል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ምንም አይታይም።

እዚህ ላይ «ከማን ወገን?» ለሚለው መልስ አለ። ታዲያ እንዴት ይነገራል? እኔ የያዝኩት ደንብ ይሄ ነው። ለእናትና ለአባት ብቻ፣ ለብቻቸው፣ በፈቃዳቸው ይነገራል፤ ለአማት፣ ለጎረቤት፣ ለሽማግሌ አይነገርም። ወርሶ ማውረስ ጥፋት እንዳልሆነም አብሮ ይነገራል። አባትየው ስርጉዱን መርጦ አልወሰደም።

የእኛ ደም በጥናቱ ውስጥ

አብዛኛው ስንጥቅ ግን እንዲህ ከአንድ ዘረ መል አይመጣም። ለዚህኛው ዓይነት ተመራማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ዘረ መል ከዳር እስከ ዳር ያወዳድራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጀርመን ውስጥ በተሠራ እንዲህ ያለ ጥናት 8ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ቦታ ከከንፈር መሰንጠቅ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታዎች ተገኙ፤ ሆኖም ናሙናው በአብዛኛው የአውሮፓና የእስያ ሰው ነበር። ለእኛ ይሠራል ወይ? ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

እዚህ ላይ የአገራችን ስም ይገባል። በአይዋ ዩኒቨርሲቲ በናይጄሪያዊው ፕሮፌሰር አዚዝ ቡታሊ የተመራና ኢትዮጵያ፣ ጋናና ናይጄሪያ የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። በአገራችን በኩል በአዲስ አበባ ከዚህ ሥራ ጋር ስማቸው የሚነሳው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቱ ዶ/ር መኮንን እሸቴ ናቸው። የካቲት 12 ሆስፒታል እነዚህን ልጆች በማከም ረጅም ልምድ ያለው ቤት ነው። ጥናቱ 3,000 ያህል ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ላንቃቸው ብቻ ለተሰነጠቀ ልጆች 2ኛውና 19ኛው ክሮሞዞም ላይ ቀድሞ ያልታወቁ ቦታዎችን አገኘ። 8ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለውና በአውሮፓ የታወቀው ቦታም በአፍሪካውያን ላይ ምልክቱን አሳየ። ከዚያ ቀደም ብሎም በ2018 ዶ/ር መኮንንና ባልደረቦቻቸው ጂአርኤችኤል 3 ሥራውን ያቆመባቸው ለውጦች ላንቃቸው በተሰነጠቀ አፍሪካውያን ላይ እንደሚገኙ አሳትመዋል።

ይሄ ለምን ያስፈልገናል? አፍሪካውያን ከዓለም ሕዝብ ሁሉ የበለጠ የዘረ መል ልዩነት ያለን ሕዝቦች ነን። በሌላው አገር ተለይቶ የወጣ ምልክት እኛ ዘንድ ላይኖር ይችላል፤ እኛ ዘንድ ያለው ደግሞ በሌላው አይታይም። በአውሮፓውያን ደም ብቻ የተሠራ ምርመራ ለማጀቴ ልጅ «ምንም አልተገኘም» ቢል፣ ምንም የለም ማለት ሳይሆን ያልተፈለገ ቦታ አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

እኛ ደግሞ ሌላው የሌለው ሀብት አለን። ክርስቲያኑ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራል። ስም ያልተጻፈበት፣ ግን በሽማግሌዎች አእምሮ የተቀመጠ መዝገብ ነው። በአካባቢው በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የሚጋቡ ቤተሰቦችም አሉ፤ በእነዚህ ዘንድ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ዘረ መል የመገናኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህን የምለው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። አንድ የጤና ባለሙያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ከአንድ አዛውንት ጋር ቢቀመጥ የሦስት ትውልድ ሐረግ በግማሽ ሰዓት ይሥላል ለማለት ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ለመውቀሻ ሳይሆን ለመረዳት ሲጠየቅ ትልቅ መሣሪያ ነው።

ለእማማ የተሰጠው መልስ

አሁን ወደዚያች ክፍል እንመለስ። ሕፃኑን ከራስ እስከ እግር አየሁት። ከስንጥቁ ጋር የልብ፣ የእጅ እግር ወይም የሌላ አካል ችግር ካለ ነገሩ ሌላ ነውና። ምንም የለበትም። እናትየውም አባትየውም ከንፈራቸው ላይ ነጥብ የለም፤ በሁለቱም ወገን የሚታወቅ ሰው የለም። ከዚያ እማማን እንዲህ አልኳቸው።

«እማማ፣ ይሄ የለበሱት ነጠላ ስንት ሆኖ ነው የተሸመነው?»

«ሁለት ሆኖ። መሐሉ ላይ ነው የተሰፋ።»

«የሰውም ፊት ሲፈጠር ከግራና ከቀኝ መጥቶ መሐል ላይ ነው የሚገጥመው። የዚህ ልጅ ሳይገጥም ቀረ። እናቱ ማርገዟን በቅጡ ሳታውቅ ነው ይሄ የሆነው።»

«ታዲያ ክሩ የማን ነው?»

«ክሩ ከእናትም ከአባትም እኩል ነው። ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ይመጣል፤ ከማንም ሳይሆን በአጋጣሚም ይሆናል።»

ዝም ብለው አሰቡና «እንግዲያው የኛም አለበት በለኛ» አሉኝ።

«አለበት እማማ።»

እናቲቱ ቀና ብላ ያየችኝ ያኔ ነው። የመጀመሪያዋን ጥያቄም ያኔ ጠየቀች፤ «የሚቀጥለውስ ልጅ?» አለችኝ። ለዚህ ቁጥር አለ። ወላጆች ጤነኛ ሆነው፣ አንድ ልጅ ብቻ ስንጥቅ ኖሮት፣ ሌላ ችግር ከሌለ፣ የሚቀጥለው ልጅ ላይ የመድገም ዕድሉ ከ100 ውስጥ ከ3 እስከ 5 ነው። «መቶ እናቶች እንዳንቺ ቢሆኑ ከዘጠና አምስት እስከ ዘጠና ሰባቱ ደህና ልጅ ይወልዳሉ» አልኳት። ሁለት ልጅ ቢኖር ወደ 10 ገደማ ከፍ ይላል። አደጋውን ብቻ ሳይሆን ደህናውን ቁጥር ቆጥሮ መንገር ትልቅ ለውጥ አለው፤ ቁጥሩ አንድ ነው፣ የሚሰማው ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ሥራ ገባን፤ ወደ መብላቱ። ላንቃው ክፍት የሆነ ሕፃን መምጠጥ አይችልም፤ አፉ አየር ይስባል እንጂ ጡት አይስብም። እናት ወተቷን በንጹሕ ኩባያ አልባ፣ ልጁን ቀና አድርጋ ይዛ፣ በትንሽ ኩባያ ወይም በማንኪያ ቀስ እያለች ትሰጠዋለች፤ ቶሎ ቶሎ ታስገሳዋለች። ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ጡት መጥባት ይችላል። አያትየው ማንኪያውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት። ልጁ በየሳምንቱ እየተመዘነ ክብደቱ ጨመረ፤ ጊዜው ሲደርስም በሪፈራል ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ከንፈሩ ተሠራ። በዚያ ቤት ትዳሩም አልፈረሰም።

ሕክምናው ራሱ የታወቀ ነው። ከንፈር ከሦስት ወር ገደማ ጀምሮ ይሠራል። የድሮው መለኪያ 10 ሳምንት፣ 4.5 ኪሎ ያህል ክብደትና 10 ሄሞግሎቢን ይላል። ላንቃ ደግሞ አንድ ዓመት አካባቢ፣ ልጁ አፍ ከመፍታቱ በፊት ወይም ሲጀምር ይሠራል፤ ከዘገየ ንግግሩ በአፍንጫ ይሆናል። ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም የመስማት ክትትል፣ በኋላም የንግግርና የጥርስ ሕክምና ይፈልጋል። እንደ ስማይል ትሬን ያሉ ድርጅቶች ከአገራችን ሆስፒታሎች ጋር ሆነው ቀዶ ሕክምናው በነጻ እንዲሰጥ ያደርጋሉ፤ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም አለ። ለይፋት ቤተሰብ የሚከብደው መንገዱ፣ የአውቶቡስ ዋጋው፣ የማረፊያው ነገር፣ የእርሻው ጊዜና የጸጥታው ሁኔታ ነው። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ቀጠሮ ያለፈባቸው ልጆች አሉ። ቀጠሮ ያለፈበት ላንቃ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ልጁ አፉን እየፈታ ነው።

ስለ መከላከል ጥቂት

«መከላከል አይቻልም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ አይቻልም፤ የሚቀነስ ግን አለ። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም መውሰድ የአከርካሪና የአንጎል መጋለጥን በእርግጥ ይቀንሳል። ለከንፈርና ላንቃ ማስረጃው የተደባለቀ ቢሆንም ለመውሰድ በቂ ምክንያት አለ። ችግሩ ጊዜው ነው። እናቶቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለክትትል ሲመጡ ብዙውን ጊዜ አራት ወር አልፏቸዋል፤ ፊት ግን በ12ኛው ሳምንት ተሠርቶ አልቋል። ስለዚህ እንክብሉ ከሠርጉ ጋር ቢመጣ ይሻላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡ እንደ ቫልፕሮይክ አሲድ ያሉ መድኃኒቶችም አደጋውን ይጨምራሉ። እዚህ ላይ አደራ፤ ማንም ሴት በራሷ መድኃኒቷን አታቋርጥ፤ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

የምጠይቃችሁ

ንግግሬን ለማጠቃለል እያንዳንዳችሁን አንድ አንድ ነገር ልጠይቅ።

በጤናው ሙያ ያላችሁ፤ የተወለደን ሕፃን ሁሉ አፍ ከፍታችሁ፣ መብራት ይዛችሁ ላንቃውን እስከ ጥግ እዩ። ከንፈሩ ደህና ሆኖ ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ በቀላሉ ያመልጣል፤ ከሳምንታት በኋላ ከስቶ ነው የሚመጣው። የወላጆቹንም ታች ከንፈር እዩ። የሦስት ትውልድ ሐረግ ሥላችሁ ካርዱ ላይ አያይዙ።

የቋንቋ መምህራን፤ ዘረ መል የሚለው ቃል ጥሩ ነው፤ ግን ገና ከመጽሐፍ አልወጣም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ከጂንም ከወቀሳም ነጻ የሆነ አነጋገር አብረን እንሥራ። በአማርኛ ብቻም ሳይሆን በአካባቢው በሚነገረው በኦሮምኛና በአርጎብኛም።

ተመራማሪ መምህራኖቻችን፤ ከምሥራቁ ቆላ የሚመጡ ቤተሰቦች በጥናት ውስጥ ይግቡ። ሲገቡ ግን በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸው፣ ፈቅደው ይሁን። ውጤቱም ይመለስላቸው። ምራቅ የሰጠች እናት ምን እንደተገኘ የማወቅ መብት አላት።

ሌሎቻችሁ፤ መሐንዲሶች፣ ነጋዴዎች፣ ጠበቆች፣ ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ በየቀበሌያችሁ የተደበቀ ልጅ መኖሩን ብትሰሙ «ይታከማል፣ በነጻ ነው» በሉ። የመንገዱንና የማረፊያውን ወጪ ለአንድ ቤተሰብ መሸፈን ከዚህ ማኅበር አቅም በላይ አይመስለኝም። ለመነሻ በዓመት አሥር ልጆችን ከይፋት አዲስ አበባ የሚያደርስ ትንሽ ሣጥን ብናቋቁም ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዝርዝሩን ሥራ አስፈጻሚው በቀጣዩ ስብሰባ ቢያየው ደስ ይለኛል።

«ከማን ወገን መጣ?» የሚል ሰው ሲገጥማችሁም አትቆጡት፤ አስረዱት። ከዚያ «ልጁ ዛሬ በልቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። እናቱ ልትጠየቅ የምትፈልገው እሱን ነው።